በመጀመሪያ ዲግሪ የሳይንስ ትምህርት በማዕረግ ለመመረቅ የሚያስፈልጉ መስፈርቶች

ለላሊበላ ከተማና ለላስታ አካባቢ ተማሪዎችና ወላጆች የተዘጋጀ መረጃ

ከላሊበላ ከተማ፣ ከላስታ ወረዳና ከአጎራባች አካባቢዎች የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን አልፈው የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች በወልድያ፣ በወሎ፣ በባሕር ዳር፣ በጎንደር ወይም በሌላ የአገሪቱ ክፍል በሚገኝ ዩኒቨርሲቲ ሊመደቡ ይችላሉ። የምደባው ቦታ ቢለያይም በማዕረግ የመመረቅ ሥርዓቱ በመሠረቱ ተመሳሳይ ነው። ማዕረጉ የሚገለጸው በምረቃ ዕለት ቢሆንም ስሌቱ የሚጀምረው ከአንደኛ ዓመት የመጀመሪያ ሴሚስተር ነው። ስለሆነም ተማሪዎችና ወላጆች መስፈርቱን አስቀድመው ማወቃቸው ተገቢ ነው።

1. ለምረቃ ብቁ መሆን

በማዕረግ ለመመረቅ በቅድሚያ ለምረቃ ብቁ መሆን ያስፈልጋል። ለዚህም ተማሪው የሚከተሉትን ማሟላት ይጠበቅበታል፦

• በትምህርት ክፍሉ ሥርዓተ ትምህርት የተመለከቱትን ኮርሶች፣ የቤተ ሙከራ ሥራዎችንና የመመረቂያ ጥናትን ጨምሮ፣ በሙሉ ማጠናቀቅ፤
• ድምር አማካይ ውጤቱ፣ እንዲሁም በዋናው የትምህርት መስክ ኮርሶች ያስመዘገበው አማካይ ውጤት ከ2.00 ያላነሰ መሆን፤
• ያልተስተካከለ “ኤፍ” ወይም ያልተሟላ ውጤት በመዝገቡ ላይ አለመኖር፤
• የመውጫ ፈተናን ቢያንስ 50 ከመቶ በማምጣት ማለፍ።

የመውጫ ፈተና ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በመንግሥትና በግል ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በመጀመሪያ ዲግሪ ደረጃ ተግባራዊ ሆኗል። ድምር አማካይ ውጤቱ 3.90 የሆነ ተማሪ እንኳ ይህን ፈተና እስኪያልፍ ድረስ ዲግሪውን አያገኝም። ፈተናውን በመጀመሪያው ዙር ያላለፈ ተማሪ በሚቀጥሉት ዙሮች በድጋሚ መፈተን ይችላል።

2. የማዕረግ ደረጃዎች

በአገሪቱ ዩኒቨርሲቲዎች በስፋት የሚሠራባቸው ደረጃዎች የሚከተሉት ናቸው፦

• ከ3.25 ጀምሮ ከ3.50 በታች፦ በማዕረግ፤
• ከ3.50 ጀምሮ ከ3.75 በታች፦ በከፍተኛ ማዕረግ፤
• 3.75 እና ከዚያ በላይ፦ በእጅግ ከፍተኛ ማዕረግ።

በከፍተኛ ትምህርት አዋጅ ቁጥር 1152/2011 መሠረት ተቋማት አካዳሚክ ጉዳዮቻቸውን በሴኔት ይወስናሉ። በመሆኑም ተጨማሪ ቅድመ ሁኔታዎች፣ ለምሳሌ “ኤፍ” ያገኘ ተማሪ ኮርሱን ደግሞ ቢያሻሽል ለማዕረግ ይታሰብ እንደሆነና እንዳልሆነ፣ በየዩኒቨርሲቲው የሴኔት ሕግ የሚታዩ ናቸው። ተማሪው ይህን ሕግ ከተመደበበት ተቋም ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት ጠይቆ መረዳት ይኖርበታል።

3. የውጤት አሰላል

እያንዳንዱ ውጤት ነጥብ አለው፦ ኤ ፕላስ እና ኤ 4.00፣ ኤ ማይነስ 3.75፣ ቢ ፕላስ 3.50፣ ቢ 3.00፣ ቢ ማይነስ 2.75፣ ሲ ፕላስ 2.50፣ ሲ 2.00፣ ሲ ማይነስ 1.75፣ ዲ 1.00፣ ኤፍ 0። ነጥቡ በኮርሱ ክሬዲት ሰዓት ይባዛል፤ የሁሉም ኮርሶች ድምር ለጠቅላላው ክሬዲት ሰዓት ይካፈላል።

ለምሳሌ አንዲት የአንደኛ ዓመት ተማሪ እያንዳንዳቸው 3 ክሬዲት ሰዓት ባላቸው ስድስት ኮርሶች የሚከተለውን ውጤት አስመዘገበች እንበል፦ በሒሳብ ቢ ፕላስ፣ በፊዚክስ ቢ፣ በእንግሊዝኛ ኤ ማይነስ፣ በሥነ ልቦና ኤ፣ በሎጂክ ቢ፣ በጂኦግራፊ ኤ። ጠቅላላ ነጥቧ 63.75 ሲሆን ለ18 ክሬዲት ሰዓት ሲካፈል 3.54 ይሆናል። ይኸው ተማሪ በፊዚክስ “ኤፍ” ቢመዘገብባት ግን የሴሚስተሩ ውጤት ወደ 3.04 ዝቅ ይላል። አንድ ኮርስ ብቻውን ከማዕረግ መነሻ በታች ሊያወርድ እንደሚችል ከዚህ መረዳት ይቻላል።

4. የአንደኛ ዓመት ውጤት ክብደት

ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ወደ ትምህርት ክፍል ከመመደባቸው በፊት የጋራ ኮርሶችን ይወስዳሉ። አንዳንድ ተማሪዎች እነዚህ ኮርሶች ከዋናው ሙያቸው ውጪ ስለሆኑ ብዙም እንደማያስፈልጉ ይቆጥራሉ። ይሁንና ውጤታቸው ለትምህርት ክፍል ምደባ ከማገልገሉም በላይ በድምር አማካይ ውጤት ውስጥ ይካተታል።

ጠቅላላ ትምህርቱ 140 ክሬዲት ሰዓት፣ የአንደኛ ዓመቱ ደግሞ 35 ቢሆን፣ በመጀመሪያው ዓመት 2.80 ያመጣ ተማሪ 3.25 ለመድረስ በቀሪዎቹ ዓመታት በአማካይ 3.40 ማምጣት ይኖርበታል። የአንደኛ ዓመት ውጤቱ 2.40 ከሆነ ከ3.53 በላይ ይጠበቅበታል። ይህ ከባድ ቢሆንም የሚቻል ነው፤ ቀድሞ ለጀመረ ግን ይቀላል።

5. ትምህርት ማቋረጥ ሲያጋጥም

ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ላሊበላና ወልድያ ለከባድ ችግር ተዳርገዋል፤ በወልድያ ዩኒቨርሲቲ ላይም ዝርፊያና ውድመት ደርሷል። መንገድ ሲዘጋ ወይም የስልክና የኢንተርኔት አገልግሎት ሲቋረጥ ቤተሰቡን ለማየት የሄደ ተማሪ በወቅቱ ሳይመለስ ሊቀር ይችላል። በሕመምና በቤተሰብ ኀዘን ምክንያት የሚያቋርጡም አሉ።

በእነዚህ ሁኔታዎች ለማዕረግ የሚያሰጋው ማቋረጡ ራሱ ሳይሆን ማቋረጡ በመዝገብ አለመያዙ ነው። የመልቀቂያ (ዊዝድሮዋል) ቅጽ ሞልቶ ክሊራንስ የጨረሰ ተማሪ በዳግም ቅበላ ተመልሶ ትምህርቱን ካቆመበት መቀጠል ይችላል። ሳያሳውቅ የቀረ ተማሪ ግን የተመዘገበባቸው ኮርሶች “ኤፍ” ሊሆኑበት ይችላሉ። ስለዚህ፦

• ከግቢ ከመውጣት በፊት ቅጹን መሙላትና ቅጂውን መያዝ፤
• ይህን ማድረግ ካልተቻለ የሕክምና ወይም የወረዳና የቀበሌ አስተዳደር ማስረጃ ይዞ፣ መንገድ እንደተከፈተ ለሬጅስትራር በጽሑፍ ማመልከት፤
• ለልደት በዓል ወደ ላሊበላ የሚሄዱ ተማሪዎች የፈተናና የቤተ ሙከራ ቀናትን አስቀድመው ማረጋገጥና ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋቸዋል።

6. ቅሬታ ማቅረብ

ውጤቱ በስህተት ተመዝግቧል ብሎ የሚያምን ተማሪ በሴኔት ሕጉ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ የጽሑፍ ማመልከቻ ማቅረብና የፈተና ወረቀቱ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል። ጊዜው አጭር በመሆኑ ውጤትን በየሴሚስተሩ መከታተል ይገባል። ወደ 3.25 ለሚጠጋ ተማሪ የአንድ ኮርስ እርማት ወሳኝ ሊሆን ይችላል።

7. ከምረቃ በኋላ

ተመራቂው ጊዜያዊ የምስክር ወረቀቱን ሲረከብ የስሙን አጻጻፍ፣ ድምር አማካይ ውጤቱንና የማዕረጉን ደረጃ እዚያው ማረጋገጥ ይኖርበታል። ስህተት ካለ ወደ ላስታ ከመመለሱ በፊት ማስተካከል ሌላ ጉዞና ወጪ ያስቀራል። በወጪ መጋራት ውል የተማሩ ተመራቂዎች ዋናውን ዲግሪና ኦፊሴላዊ ትራንስክሪፕት ለማግኘት ግዴታቸውን ስለመወጣታቸው ማስረጃ ይጠየቃሉ።

ማሳሰቢያ፦ ማዕረግ ለረዳት ምሩቅነት ቅጥርና ለነጻ የትምህርት ዕድል በሚደረግ ውድድር ጠቃሚ ነው። ከ3.25 በታች የተመረቀ ተማሪም ዲግሪው ሙሉ ዋጋ ያለው በመሆኑ በሙያው የመቀጠርና ትምህርቱን የመቀጠል መብቱ የተጠበቀ ነው። ለተጨማሪ ማብራሪያ ተማሪዎች የተመደቡበትን ዩኒቨርሲቲ ሬጅስትራር ጽሕፈት ቤት እንዲጠይቁ ይመከራል።