ጉልቻ ቢለዋወጥ ምን ይጠቅማል?



ይህ በሬዲዮ ያሰማነው ንግግር ነው። ማንበብ የጀመራችሁ ሁሉ ደግማችሁ እንድታዩት እነሆ በጽሑፍ አቅርበነዋል። አትቸኩሉ። አንድ አንቀጽ አንብቡና ጥቂት አስቡበት፤ ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ።

የዛሬው ርእሳችን የቤት ወጪ ነው። የቤት ወጪ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው ጤፉን፣ ዘይቱን፣ ሽንኩርቱን፣ የልጆችን ደብተርና ጫማ ነው። ልክ ነው። ነገር ግን ከቤታችሁ የሚወጣ አንድ ሌላ ገንዘብ አለ። ይህ ገንዘብ በበር አይወጣም። ጢስ ሆኖ በጣሪያ በኩል ይወጣል። እርሱም የማገዶ ወጪ ነው።

“ማገዶ ደግሞ ምን ታሪክ አለው?” ትሉ ይሆናል። አለው እንጂ! የነገሥታትን ከተማ ከቦታው ሊያስነሣ የደረሰ ታሪክ አለው። እስቲ ከሥሩ እንጀምር።

በአገራችን ወንድና ሴት ተጋብተው ጎጆ ሲወጡ “ሦስት ጉልቻ መሠረቱ” እንላለን። ጉልቻ ማለት ድስቱና ምጣዱ የሚቀመጥበት ሦስት ድንጋይ ነው። ድንጋዩ በነፃ ይገኛል። ጥንት እንጨቱም ከጓሮና ከዱር በነፃ ይገኝ ነበር። ግን “በነፃ” የሚለውን ቃል ልብ በሉት። እንጨቱ በብር ባይገዛም በጉልበት ይገዛ ነበር። ከፋዮቹም በአብዛኛው እናቶችና ሴቶች ልጆች ነበሩ። ትከሻ ደረሰኝ ስለማይሰጥ ይህን ወጪ ማንም አልመዘገበውም።

ከጎንደር ዘመን በፊት ከነበሩት ነገሥታት ብዙዎቹ በአንድ ከተማ ረግተው አልኖሩም። ከነሠራዊታቸው በድንኳን እየሰፈሩ ይዘዋወሩ ነበር። ምክንያቱ ጦርነት ብቻ አልነበረም። ብዙ ሺህ ሰው በአንድ ቦታ ሲከርም የአካባቢው እህል ያልቃል። እንጨቱም ያልቃል። ያን ጊዜ ሰፈሩ ይነሣል። እንጨት ወደ ሰው አይመጣምና ሰው ወደ እንጨት ይሄዳል ማለት ነው።

አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ልታመልጥ ያልቻለች መስላ ነበር። ከተማዋ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው። ሕዝቡ በፍጥነት በዛ። ለቤት ሥራና ለማገዶ ሲባል በአካባቢው የነበረው ጥድና ወይራ ተመነጠረ። ጥቂት ዓመታት ሳያልፉ እንጨት ከሩቅ መምጣት ጀመረ። ስለዚህ አፄ ምኒልክ ከተማቸውን ወደ ሌላ ቦታ ለማዛወር አሰቡ። በ1893 ዓ.ም. ገደማም ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ 55 ኪሎ ሜትር ያህል በሚርቀው በአዲስ ዓለም ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። በዚያ አካባቢ ደን ነበረና ነው።

ታዲያ ከተማዋ ለምን አልተነሣችም? ያስቀራት አንድ ዛፍ ነው። ይህ ዛፍ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገራችን ገባ። የትውልድ አገሩ አውስትራሊያ ነው። ከባሕር ማዶ ስለመጣ ሕዝቡ “ባሕር ዛፍ” አለው። ባሕር ዛፍ ፈጥኖ ያድጋል። ሲቆረጥም ከጉቶው እንደገና ያቆጠቁጣል። በከተማዋና በእንጦጦ ዙሪያ በብዛት ተተከለ። ከተማዋ በቦታዋ ቀረች። በአዲስ ዓለም ለቤተ መንግሥት የተጀመረው ሥራም ወደ ቤተ ክርስቲያን ተለወጠ።

ልብ በሉ፣ አንባቢዎቼ! ዛፉ ከተማዋን አዳነ፤ የእናቶችን ትከሻ ግን አላሳረፈም። ከእንጦጦ ቁልቁል እንጨትና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱ ሴቶች ለብዙ አሥርት ዓመታት የከተማዋን ምጣድ አሰምተዋል። የሸክሙ ዋጋ ለልጆቻቸው ዳቦ ሆነ፤ ለገዢው ቤት ደግሞ ወጪ ሆነ። በነፃ ይገኝ የነበረው እንጨት በዚህ መንገድ የገበያ ዕቃ ሆነ።

በገጠርስ? ደኑ በራቀባቸው ደጋ አገሮች ሰው ኩበት ማንደድ ያዘ። ኩበት በነፃ ይመስላል። ነገር ግን እበቱ ማሳ ላይ ቢበተን ኖሮ መሬቱን ያለማ ነበር። እርሱን አንድደን ማዳበሪያ በብር እንገዛለን። ይኸም ያልተመዘገበ ወጪ ነው።

አሁን ወደ ጉልቻው እንመለስ። አበው “ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም” ይላሉ። ለወጡ ጣዕም እውነት ነው። ለወጪው ግን እውነት አይደለም። በሦስት ጉልቻ ላይ ያለ እሳት በሁሉም ጎኑ ክፍት ነው። ነፋስ ይገባበታል፤ ሙቀቱ በየአቅጣጫው ይሸሻል። እንጀራ ስትጋግሩ ከእሳቱ ሙቀት ምጣዱን የሚጠቅመው ከ10 እጅ 1 እጁ ያህል ብቻ ነው። ሌላው አየሩን ያሞቃል፤ ዓይን ያስለቅሳል፤ ሳንባ ይጎዳል።

በ1980ዎቹ ዓመታት በአገራችን ሁለት የተሻሻሉ ምድጃዎች ተሠርተው ተሰራጩ። አንደኛው ለከሰል የሚሆነው “ላቀች” ነው። ውጪው ቆርቆሮ፣ ውስጡ ሸክላ ነው። ሸክላው ሙቀቱን ይይዛል። ሁለተኛው ለእንጀራ የሚሆነው “ምርጥ” ነው። ከሲሚንቶና ከቀላል የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ደቃቅ ይሠራል። እሳቱን ዙሪያውን ይከልለዋል። በስተኋላው በሚወጣው ሙቀት ሌላ ድስት ይጣድበታል። በደንብ ከተያዘ ከሦስት ጉልቻ ይልቅ እስከ ግማሽ የሚደርስ እንጨት ያድናል።

ምድጃ መግዛት ያልቻለ ሰውስ ምን ያድርግ? ብዙ ነገር ማድረግ ይችላል። አንዳንዱን ከእናቶቻችን የወረስነው ነው።

አንደኛ፦ እንጨቱን ፈልጣችሁ አድርቁ። እርጥብ እንጨት መጀመሪያ ውሃውን ለማትነን ይነዳል፤ ከዚያ በኋላ ነው ለእናንተ የሚነደው።

ሁለተኛ፦ ድስቱን ክደኑ። ባቄላና ሽምብራ ማታ ዘፍዝፋችሁ አሳድሩ። የተዘፈዘፈ እህል ቶሎ ይበስላል።

ሦስተኛ፦ እንጀራ ዛሬ ትንሽ፣ ነገ ትንሽ አትጋግሩ። ምጣዱ አንዴ ከሰማ በኋላ የሁለትና የሦስት ቀኑን ጋግሩ። ምጣድ ባሰማችሁ ቁጥር የምታነዱት እንጨት ብዙ ነው።

አራተኛ፦ እሳቱን በጭቃ ግንብ ከልሉት። ምግቡ ሲያልቅ የቀረውን እንጨት አውጥታችሁ አጥፉት፤ ለነገ ይሆናል። ጥንት ክብሪት ሳይበዛ እናቶች ረመጡን በአመድ ቀብረው ያሳድሩ ነበር። እሳት የጠፋባት ጎረቤት ከዚያ ትጭር ነበር። እሳትን መቆጠብ ለእኛ አዲስ ትምህርት አይደለም።

አንድ ነገር ግን አደራ! ሙቀት ለመቆጠብ ብላችሁ ከሰል ያለበትን ክፍል ዘግታችሁ አትተኙ። የከሰል ጭስ ባይታይም ይገድላል።

እንግዲህ ደብተርና እርሳስ አምጡ። አንድ እስር እንጨት 3 ቀን ይበቃል እንበል። በ30 ቀን 10 እስር ይገዛል ማለት ነው። ያው እስር 5 ቀን እንዲበቃ ብታደርጉስ? በወር 6 እስር ብቻ ይበቃችኋል። 4 እስር ተረፈ። ጳጉሜን ሳንቆጥር በ12 ወር 48 እስር ይሆናል። የአንዱን እስር ዋጋ እናንተ ታውቁታላችሁ፤ በ48 አባዙት። ምናልባት የምድጃው ዋጋ ከዚያው ይወጣ ይሆናል።

አባወራዎችም ስሙ! ብሩን የሚይዘው አንዱ፣ እንጨቱን የምትሸከመውና ጢሱን የምትውጠው ሌላዋ ስትሆን ምድጃው ሳይገዛ ዓመት ያልፋል። ስለዚህ ሒሳቡን ባልና ሚስት አብራችሁ ሥሩ። በብር የተከፈለውን ጻፉ። በመንገድ ያለቀውን ሰዓትም ጻፉ።

ታሪኩ የሚያስተምረን ይህንን ነው፦ ያልተቆጠረ ወጪ አይቀነስም። ጉልቻው ለዘመናት ሳይለወጥ የኖረው ብልሃት ጠፍቶ ብቻ አይደለም፤ የእናቶች ድካም በሒሳብ ስላልገባ ነው። ዛሬ እናንተ መጻፍ ችላችኋል። በዚህ ሳምንት ማገዶ የገባበትን ቀን፣ መጠኑንና ዋጋውን በደብተራችሁ መዝግቡ። በሳምንቱ መጨረሻ ደምሩና ለቤተሰቡ ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

በሚቀጥለው ትምህርት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።