ያረጀ አዳኝ ውሻ አያያዝ

ዕድሜው የገፋ አዳኝ ወይም ማሳ ጠባቂ ውሻ አቅሙ እንዳይደክም የሚደረግለት እንክብካቤ። በአጣዬና በሸዋ ሮቢት ዙሪያ ባለው የይፋት ቆላ፣ ማሽላው እሸት ሲይዝ ውሻ ዝንጀሮና ከርከሮ ያባርራል።

ትልልቅ ውሾች ከ7 ዓመት ገደማ ጀምሮ እርጅና ይታይባቸዋል፦ ከተኙበት ሲነሡ የኋላ እግራቸው ይተሳሰራል፣ ጥርሳቸው ያልቃል፣ ዓይናቸው ይደክማል። ጨርሶ ማሳረፍ ጡንቻን ስለሚያከሳ በየቀኑ አጠር ያለ እንቅስቃሴ ያሻል። ውሻ ሙቀቱን በዋናነት የሚያበርደው በማለክለክ በመሆኑ ለቆላው ሐሩር ማለዳና አመሻሽ ይመረጣሉ፤ ውሃም አይለየውም። ውፍረት መገጣጠሚያን ይጎዳል። ጥርሱ ላለቀ ውሻ ምግቡ በውሃ ይርሳል። ከርከሮ መግጠም ለወጣት ውሾች ይተዋል። እንደ አይቡፕሮፌን ያለ የሰው ማስታገሻ ይመርዘዋል። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በእርጅናም አይቋረጥም።