የሬክተም ካንሰር ከሕክምና በኋላ፦ የመዳን ተስፋና የማገርሸት ስጋት

ሬክተም ከፊንጢጣ በላይ የሚገኝ፣ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው የትልቁ አንጀት የመጨረሻ ክፍል ነው። በዚህ ስፍራ የሚነሳ ካንሰር እንደ ደረጃው በቀዶ ሕክምና፣ በጨረርና በኬሞቴራፒ ይታከማል። ሕክምናው ሲጠናቀቅ ታካሚውና ቤተሰቡ በቅድሚያ የሚጠይቁት በሽታው ተመልሶ ይመጣ እንደሆነ ነው።

ምላሹ በአመዛኙ የተመሠረተው ካንሰሩ በተገኘበት ደረጃ ላይ ነው። በአሜሪካ የተሰበሰበ መረጃ እንደሚያመለክተው ካንሰሩ ከአንጀት ሳይወጣ ከተደረሰባቸው 100 ሰዎች 90 ያህሉ አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። በአቅራቢያው ወዳሉ ንፍፊቶች ከደረሰ ቁጥሩ ወደ 70ዎቹ ይወርዳል፤ ወደ ሩቅ አካላት ከተሰራጨ ደግሞ ከ20 በታች ይሆናል። እነዚህ አማካይ ቁጥሮች እንጂ በአንድ ሰው ላይ የተሰጡ ፍርዶች አይደሉም። በኢትዮጵያ ብዙዎች ደም መፍሰሱን ከኪንታሮት ጋር እያያያዙ ስለሚዘገዩ ሐኪም ዘንድ የሚደርሱት በሽታው ከገፋ በኋላ ነው።

ከደረጃው ቀጥሎ ወሳኙ የቀዶ ሕክምናው ጥራት ነው። ሬክተምን የሚከበው ስብ ንፍፊቶችን የያዘ ሲሆን፣ ከዚህ ስብ ጥቂቱ እንኳ ቢቀር ካንሰሩ እዚያው ዳሌ ውስጥ እንደገና ሊበቅል ይችላል። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ እ.ኤ.አ. በ1982 ይህ ስብ ከነሽፋኑ ሳይቀደድ ሙሉ በሙሉ እንዲወጣ ያቀረቡት ዘዴ የሕክምናውን ታሪክ ለውጧል። ቀድሞ በበርካታ ሆስፒታሎች ከአራት ታካሚዎች በአንዱ ላይ ያህል ይታይ የነበረው የዳሌ ውስጥ ማገርሸት ከ10 በመቶ በታች ወርዷል። እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነ የኔዘርላንድስ ጥናት ደግሞ በዚሁ ዘዴ ከሚደረገው ቀዶ ሕክምና አስቀድሞ አጭር የጨረር ሕክምና ሲሰጥ በሁለት ዓመት ውስጥ የሚታየው የዳሌ ማገርሸት ከ8.2 ወደ 2.4 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

የወጣው አካል በላቦራቶሪ ሲመረመር በካንሰሩና በተቆረጠው ጠርዝ መካከል ያለው ርቀት ይለካል። ርቀቱ ከ1 ሚሊ ሜትር ካልበለጠ የማገርሸት ስጋቱ ይጨምራል። ታካሚው የዚህን ውጤት ቅጂ ቢይዝ ወደፊት የሚያየውን ሐኪም እጅግ ያግዛል።

ካንሰሩ ሲመለስ የሚታየው በዳሌ፣ በጉበት ወይም በሳንባ ነው። ከሬክተም የላይኛው ክፍል የሚነሳው ደም በቅድሚያ ወደ ጉበት ያመራል፤ ከታችኛው ክፍል የሚነሳው ግን ጉበትን ሳይነካ በልብ በኩል ወደ ሳንባ ሊደርስ ይችላል። ዝቅ ብሎ የበቀለ ካንሰር በሳንባ መታየቱ ከዚህ የተነሳ ነው።

አብዛኛው ማገርሸት የሚከሰተው በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዓመታት ሲሆን ከአምስት ዓመት በኋላ እምብዛም አይታይም። ብዙ ታካሚዎች ቀጠሯቸውን የሚያቋርጡት ግን ጤንነት በሚሰማቸው በእነዚሁ ዓመታት ነው። በተለመደው ክትትል ሲኢኤ የተባለው የደም ምርመራ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት በየሦስት እስከ ስድስት ወሩ፣ ከዚያ በየስድስት ወሩ ይደረጋል። የደረትና የሆድ ሲቲ ስካን በየጊዜው፣ ኮሎኖስኮፒ ደግሞ ቀዶ ሕክምናው በተደረገ በዓመቱ ይታዘዛል። በመካከሉ የማይለቅ የመቀመጫ ሕመም፣ ደም፣ ሳል ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ከመጣ ቀጠሮ መጠበቅ አያስፈልግም።

ማገርሸት የሕክምና መጨረሻ አይደለም። በጉበት ላይ ብቻ የታየና በቀዶ ሕክምና ሊወጣ የሚችል ካንሰር ከወጣላቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ወይም ከዚያ በላይ አምስት ዓመት ይኖራሉ። ለዚህ ዕድል የሚበቁት በአብዛኛው ጥቂት ዕጢ ሳለ የተደረሰባቸው ናቸው።

በጨረርና በኬሞቴራፒ ብቻ ካንሰሩ ከዓይን የሚጠፋላቸው ታካሚዎችም አሉ። የብራዚሏ ሐኪም አንጀሊታ ሃብር-ጋማ እንዲህ ያሉትን ሰዎች ያለ ቀዶ ሕክምና በቅርብ መከታተል እንደሚቻል አሳይተዋል። ከእነዚህ በአራቱ በአንዱ ያህል ካንሰሩ እዚያው ይመለሳል፤ አብዛኛውም በሁለት ዓመት ውስጥ ነው። በመሆኑም ይህ ምርጫ የሚሰጠው በየጥቂት ወራቱ ለጣት ምርመራ፣ ለኢንዶስኮፒና ለኤምአርአይ መቅረብ ለሚችል ሰው ብቻ ነው።