የጁ፣ ጥምቀትና ሥልጣን

ወልድያ፣ መርሳና የሐብሩ ወረዳ የጥንቱ የጁ አገር ናቸው። ከዚህ የተነሡት የወረ ሼህ መሳፍንት ከ1776 እስከ 1845 ዓ.ም. በጎንደር ነገሥታት ስም የሰሜን ኢትዮጵያን ሥልጣን ይዘው ቆይተዋል። ቤተሰቡ እስልምናን የተቀበለ የኦሮሞ ባላባት ነበር። የአባ ሴሩ ጓንጉል ልጅ አሊ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስን ድል ነሥቶ ራስ የተባለው ግን ክርስትና ተነሥቶ ነው። ዘሩ ከሰሎሞን ስላልተቆጠረ ራሱ አልነገሠም፤ ሌላውን እያነገሠና እያወረደ ገዛ። ከእሱ በኋላ የመጡትም የሄዱት በዚሁ መንገድ ነው።

የየጁ ገዢዎች ጉልበት ከሁለት ወገን ይመጣ ነበር። በአንድ በኩል ከእነዚሁ መሳፍንት አንዱ ራስ ጉግሣ የቆረቆሯት የደብረ ታቦር ክርስቲያናዊ አደባባይ አለች፤ በሌላ በኩል በየጁና በወሎ የቀሩት ሙስሊም ዘመዶቻቸውና ፈረሰኞቻቸው አሉ። የመጨረሻው ራስ የዳግማዊ አሊ እናት እቴጌ መነን የወረ ሂማኖው የኢማም ሊበን ልጅ ነበሩ። ይህ ዝምድና ጦር ያስገኝ ነበር፤ ለባላንጣም ክስ ያቀብል ነበር። አሊን የጠላ ሁሉ «እስላም ነው» ማለት ብቻ ይበቃው ነበር።

ክሱ ምን ያህል እንደሚሠራ በ1834 ዓ.ም. ታየ። የስሜንና የትግራይ ገዢ ደጃዝማች ውቤ ከግብፅ የመጡትን አቡነ ሰላማን ከጎኑ አሰልፎ፣ ሃይማኖትን ከእስላም እጅ አወጣለሁ ብሎ ደብረ ታቦር ላይ ዘመተ። ጦርነቱን ድል አደረገ፤ አሊም ሸሸ። ድል አድራጊዎቹ ግን ድንኳን ተክለው ሲበሉና ሲጠጡ የአሊ ወገን ደጃዝማች ብሩ አሊጋዝ ደረሰባቸውና ውቤን ማረከው። አሊ ወደ ሥልጣኑ ተመለሰ፤ ከአቡኑም ጋር ታረቀ። ውቤ ቤዛ ከፍሎ ተፈታ። አሊ ያው የቀድሞው አሊ ነበር፤ እምነቱን የሚመረምር ግን ለጊዜው ጠፋ። የክሱ መነሻ ሥልጣን እንደነበረ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በ1845 ዓ.ም. ካሳ ኃይሉ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ አሊን አይሻል ላይ ሲያሸንፍ የየጁ ዘመን አበቃ።

ቀጥሎ የመጣው የከፋ ነበር። በ1868 ዓ.ም. ግብፆችን ጉንደትና ጉራዕ ላይ የመለሱት ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የመንግሥት አንድነት በሃይማኖት አንድነት ይጸናል ብለው አመኑ። በ1870 ዓ.ም. ደሴ አጠገብ ቦሩ ሜዳ ላይ ጉባኤ ተደርጎ መጀመሪያ የክርስቲያኖቹ ስለ ክርስቶስ ልደት የነበረው ክርክር ተዘጋ። ከዚያም የተለየ ትምህርት ለሚከተል ክርስቲያን 2 ዓመት፣ ለሙስሊም 3 ዓመት፣ ለሌላው 5 ዓመት የመመለሻ ጊዜ ተሰጠ። የወሎ ሙስሊም መኳንንት ቀድመው ተጠመቁ። ኢማም መሐመድ አሊ በዮሐንስ ክርስትና አባትነት ራስ ሚካኤል ሆኑ፤ ኢማም አባ ዋጠው ደግሞ በሸዋው ንጉሥ በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። ለሹማምንቱ ጥምቀት ሹመትን ማቆያ ነበር። ገበሬው ግን እንዲህ ያለ ማካካሻ አልነበረውም። ብዙዎች አገር ጥለው ተሰደዱ፤ ሌሎች ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው ኖሩ። ሼህ ጠልሃ ጃዕፈር ደግሞ ጦር አነሡ። ዮሐንስ በ1881 ዓ.ም. መተማ ላይ ሲወድቁ ግዳጁ ላላ፤ ቂሙ ግን በእናቶችና በአባቶች አንደበት ተላልፏል።

የራስ ሚካኤል ልጅ የሆነው ልጅ ኢያሱ የምኒልክ የልጅ ልጅም ነው። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከአልጋ የወረደው «ሰልሟል» ተብሎ ነው፤ አቡነ ማቴዎስም መኳንንቱን ከመሐላቸው ፈቱ። ሙስሊሞችን ማቅረቡና ወደ ጀርመንና ቱርክ ማዘንበሉ ለከሳሾቹ ማስረጃ ሆነ። አባቱ የወሎን ጦር አስከትተው ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ።

ሃይማኖትና ሥልጣን የተቆራኙት በኢትዮጵያ ብቻ አይደለም፤ ሊባኖስ በ1943 እ.ኤ.አ. ሥልጣንን በየሃይማኖቱ ደልድላ ፕሬዚዳንቱን ማሮናዊ፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩን ሱኒ አደረገች። ኢትዮጵያ ውስጥ እንዲህ ያለ ድልድል አልተሞከረም፤ ሥልጣን የፈለገ ሙስሊም ስሙን ይለውጥ ነበር። ሁለቱም መንገዶች ሃይማኖትን ለፖለቲከኛ መሣሪያ አድርገውታል።

በየጁ ገጠር ግን ኑሮው ሌላ ነበር። በአንድ ቤተሰብ ውስጥ ሁለቱም እምነቶች አሉ። ሠርግ ሲደገስ ለሙስሊሙ እንግዳ በሙስሊም የታረደ፣ ለክርስቲያኑም በክርስቲያን የታረደ ሥጋ ለየብቻ ይሠራል፤ ምርቃቱ ግን የጋራ ነው። ሰው ሲሞት ቅሬው፣ ማለትም የቀብር ማኅበሩ፣ ሃይማኖት ሳይለይ ይሰበሰባል፤ ደም ሲፈስ የሚያስታርቁት አባጋሮችም ከሁለቱም ወገን ናቸው። የጠቡ ምንጭ መንደሩ አልነበረም፤ ጠቡ ከቤተ መንግሥት ወደ መንደር ይወርድ ነበር።

ሕጉ ወደዚህ የመንደር ልማድ ለመቅረብ ጊዜ ወሰደበት። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. ሙስሊሞች በአዲስ አበባ አደባባይ ወጥተው የእኩልነት ጥያቄ ሲያነሡ ክርስቲያኖችም አብረዋቸው ተሰለፉ። ደርግ የሙስሊሞችን በዓላት የአገር በዓል አደረገ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ መሆናቸውን ደነገገ።