ከጅማ ጥናት የተነሳው የአስም ህክምና ሙከራ

በጅማ ከተማና በገጠር አካባቢዋ በኢትዮጵያና በብሪታንያ ተመራማሪዎች የተካሄደና እ.ኤ.አ በ2001 ላንሴት በተሰኘው የህክምና መጽሔት የታተመ ጥናት፣ ሁክዎርም የተባለው የአንጀት ትል በሚገኝባቸው ሰዎች ዘንድ የአስም ምልክት የሆነው ሲር ሲር የሚል አተነፋፈስ አነስተኛ መሆኑን አመልክቷል።

ትሉ የሰውነትን የመከላከል ሥርዓት በማለዘብ አለርጂን ይቀንስ ይሆናል የሚለውን ግምት ለመፈተን በብሪታንያዋ ኖቲንግሃም ከተማ በ32 የአስም ህሙማን ላይ ሙከራ ተካሂዷል። በግማሾቹ ቆዳ ላይ 10 የትሉ እጮች፣ በቀሪዎቹ ላይ ደግሞ ማስመሰያ ፈሳሽ ተደርጎ ለ16 ሳምንታት ክትትል ተደርጎላቸዋል። እ.ኤ.አ በ2010 በታተመው ውጤት በሁለቱ ቡድኖች መካከል ጉልህ ልዩነት አልታየም።

ትሉ ደም በመምጠጥ የደም ማነስ ስለሚያስከትል፣ የጅማው ግኝት የትል ማስወገጃ መድኃኒት እደላን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም።