የኦንላይን ኮርስ ሽያጭ በኢትዮጵያ

የኦንላይን ኮርስ ሽያጭ ማለት አንድ አሰልጣኝ ራሱ ያዘጋጀውን ትምህርት በቪዲዮ፣ በድምፅ ወይም በጽሑፍ አቅርቦ በኢንተርኔት አማካይነት ለሰልጣኞች በክፍያ የሚሰጥበት ሥራ ነው። በኢትዮጵያ ሻጮች ገዢን በዩቲዩብ፣ በቲክቶክና በቴሌግራም ይፈልጋሉ፤ ትምህርቱንም ብዙ ጊዜ በዝግ የቴሌግራም ቻናል ይሰጣሉ። ሥራው በትንሽ ካፒታል ስለሚጀመር ገበያው በቶሎ ይጨናነቃል። በዚህ ምክንያት ሽያጭን የሚያሳድገው የማስታወቂያ ብዛት ብቻ አይደለም፤ ኮርሱ ለማን እንደተዘጋጀ መለየትና ገዢውን የሚያግዱትን የእምነት፣ የክፍያና የዳታ ችግሮች ማቃለል ይበልጣል።

የገበያው አመጣጥ

በዓለም ገበያ ዩደሚ በ2010 እ.ኤ.አ.፣ ኮርሴራ ደግሞ በ2012 እ.ኤ.አ. ተመሠረቱ። በዩደሚ አስተማሪው በራሱ ኩፖን ወይም ሊንክ ካመጣው ገዢ የሽያጩን 97 በመቶ ያገኛል፤ ገዢውን ድርጅቱ ሲያመጣው ግን የአስተማሪው ድርሻ 37 በመቶ ነው። ልዩነቱ ገዢ ማግኘት ራሱን የቻለ ዋጋ ያለው ሥራ መሆኑን ያሳያል።

በኢትዮጵያ የሞባይል ክፍያ መስፋፋት ለአገር ውስጥ ሽያጭ መንገድ ከፍቷል። ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሥራ ጀመሩ። የፈተና ለውጦችም ፍላጎት ፈጥረዋል። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ ተሰጥቶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበሩ። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ የዩኒቨርሲቲ መውጫ ፈተና በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ።

በሌላ በኩል ነጻ ትምህርት በዝቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ፕሮግራም የድረ ገጽና የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራን፣ የዳታ ሳይንስንና የሰው ሠራሽ አስተውሎትን መሠረታዊ ትምህርት ያለ ክፍያ ያቀርባል። ስለዚህ ተመሳሳይ ይዘት የሚሸጥ ግለሰብ በነጻ የማይገኝ ነገር መጨመር አለበት፤ ለምሳሌ የቤት ሥራ ማረም፣ ጥያቄ መመለስ ወይም በሰልጣኙ ቋንቋ ማስረዳት።

ሰበታ፣ ቡራዩና ሱሉልታ

ሦስቱ ከተሞች አዲስ አበባን ከበው ይገኛሉ፦ ሰበታ በደቡብ ምዕራብ በጅማ መንገድ፣ ቡራዩ በምዕራብ በአምቦ መንገድ፣ ሱሉልታ ደግሞ በሰሜን ከእንጦጦ ባሻገር በጎጃም መንገድ። በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል። ከእነዚህ ከተሞች አዲስ አበባ ወደሚገኝ ማሰልጠኛ መመላለስ የትራንስፖርት ወጪና የሰልፍ ጊዜ ይጠይቃል። በፋብሪካ በፈረቃ ለሚሠራ ሰው ቋሚ የማታ ክፍል አይመችም። በራስ ሰዓት የሚታይ ኮርስ ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው።

ቋንቋም ገበያውን ይለያል። የኦሮሚያ ክልል የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ሲሆን በከተሞቹ አማርኛም በሰፊው ይነገራል። በሁለቱም ቋንቋዎች ማስረዳት የሚችል አሰልጣኝ የእንግሊዝኛ ኮርሶች የማይደርሱለትን ሰልጣኝ ያገኛል።

ኮርሱን ማጥበብ

“ኮምፒውተር በቀላሉ” የሚል ኮርስ ከሺህ ነጻ ቪዲዮዎች ጋር ይወዳደራል። “ፒችትሪ ለጀማሪ ሒሳብ ሠራተኛ” የሚለው ግን ገዢውን በስሙ የጠራ ያህል ነው፤ ዛሬ ሴጅ 50 የሚባለው ይህ ፕሮግራም በኢትዮጵያ የሒሳብ ሥራ ማስታወቂያዎች ላይ እስካሁን በቀድሞ ስሙ ይጠየቃል። አሰልጣኙ ከመቅረጹ በፊት ጥቂት ሰዎችን በአካል ወይም በስልክ አስተምሮ የሚደናቀፉበትን ቦታ ቢመዘግብ የኮርሱን ማውጫ ከዚያ ማውጣት ይችላል።

ዋጋና ስሌት

ዋጋ መቀነስ ሁልጊዜ መፍትሔ አይደለም። ለምሳሌ ነጻ ናሙናውን 1,000 ሰዎች አይተው 20 ሰዎች በ500 ብር ቢገዙ ገቢው 10,000 ብር ነው። ዋጋው ወደ 250 ብር ቢወርድ ያንኑ ገቢ ለማግኘት 40 ገዢ ያስፈልጋል፤ የሚመለሰው ጥያቄና የሚታረመው የቤት ሥራም እጥፍ ይሆናል። ናሙናውን አይተው ሳይገዙ የቀሩትን 980 ሰዎች ምክንያት መጠየቅ ከቅናሹ ሊቀድም ይገባል። ምክንያቱ ዋጋው ከሆነ ኮርሱን በክፍል በክፍል መሸጥ ወይም ክፍያውን በሁለት ዙር መቀበል ይቻላል።

እምነት

ገዢው ያላየውን ነገር ቀድሞ ከፍሎ ይገዛል፤ ገቢው ትንሽ ለሆነ ሰው ስጋቱ ከባድ ነው። ስጋቱን የሚቀንሱት አንድ ሙሉ ነጻ ትምህርት፣ ግልጽ ማውጫ፣ በጽሑፍ የተቀመጠ የገንዘብ መመለሻ ደንብና በፈቃዳቸው የሚመሰክሩ የቀድሞ ሰልጣኞች ናቸው። “በ30 ቀን ሥራ ትይዛላችሁ” የሚል ተስፋ ለጊዜው ገዢ ቢያመጣም ቅሬታን ያተርፋል። አሰልጣኙ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት የሲኦሲ ምዘናን እንደማይተካም አስቀድሞ መናገር ያስፈልጋል።

ሻጩም ይታለላል። የተላከ የክፍያ ስክሪንሹት ሊቀነባበር ስለሚችል ገንዘቡ መግባቱ ከራስ ሒሳብ ላይ በግብይት ቁጥሩ መረጋገጥ አለበት።

የዳታ ወጪ

በሰከንድ 1 ሜጋቢት የሚፈስ ቪዲዮ በሰዓት 450 ሜጋባይት ገደማ ይወስዳል፤ የ10 ሰዓት ኮርስ 4.5 ጊጋባይት ይሆናል ማለት ነው። ይህ ገዢው ከኮርሱ ዋጋ በላይ የሚከፍለው ነው። ቪዲዮውን ማሳጠር፣ ጥራቱን ለስልክ በሚበቃ መጠን ማድረግና ማስታወሻውን በፒዲኤፍ መስጠት ወጪውን ይቀንሳል፤ ጀምረው የሚያቋርጡትንም ሊቀንስ ይችላል።

ሕግና የቅጂ ጥበቃ

የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ግብይት ሕጋዊ እውቅና ሰጥቷል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የአዘጋጁን ሥራ ይጠብቃል፤ አሰልጣኙም የሌላውን መጽሐፍ ወይም ቪዲዮ ያለ ፈቃድ ኮርሱ ውስጥ ማስገባት የለበትም። ቴሌግራም በ2014 ዓ.ም. ይዘት እንዳይተላለፍና እንዳይቀመጥ የሚያደርግ አማራጭ ቢጨምርም በሌላ ስልክ መቅረጽን አያስቀርም። በመሆኑም ተሰርቆ የማይወሰደው የኮርሱ ክፍል አሰልጣኙ በቀጥታ የሚሰጠው እርማትና ክትትል ነው።