ወተቱ ሳይጎድል የሚጎድለው የእናት ገላ

የአጥቢ እናት የአመጋገብ ጤና ብዙ ጊዜ የሚለካው በልጇ ነው፤ ሕፃኑ ክብደት ከጨመረ እናቱም ደኅና ናት ይባላል። ይህ መለኪያ ያሳስታል። እናት ምግብ ቢያጥራትም የወተቷ መጠን በቀላሉ አይወርድም፤ ጉድለቱን የሚሸፍነው የራሷ ገላ ነው። የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት፣ የዓለም ጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት ዩኒቨርሲቲ በ2004 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት የጋራ ሰነድ በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ማጥባት በቀን 675 ኪሎ ካሎሪ ያህል እንደሚጠይቅ ያሰላል። በእርግዝናዋ በቂ ስብ ያከማቸች እናት 170 ያህሉን ከሰውነቷ ስለምታወጣ 505 መጨመር ይበቃታል፤ ያላከማቸችው ግን ሙሉውን ከገበታዋ ማግኘት አለባት። አብዝታ መብላት የሚገባት፣ አብዛኛውን ጊዜ ማዕዷ የሳሳው እናት ናት ማለት ነው።

«ተጨማሪ ምግብ ወተት ካልጨመረ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ አሉ። መነሻቸው በጋምቢያዋ ኬኔባ መንደር የተካሄደው የታወቀ ጥናት ነው፤ አጥቢዎች ተጨማሪ ምግብ ቢያገኙም የወተታቸው መጠን አልጨመረም። ግኝቱን እቀበላለሁ፤ ድምዳሜውን ግን አልቀበልም። ወተቱ ያልጨመረው ቀድሞም ስላልጎደለ ነው፤ ያልጎደለውም እናቲቱ ስለከፈለችለት ነው። ደግሞም መጠኑ ባይለወጥ እንኳ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ፣ ቢ12ና አዮዲን በእናቲቱ አመጋገብ ከፍና ዝቅ ይላል። ሌሎች ከወሊድ በኋላ መክሳት ተፈጥሯዊ ነው ይላሉ። የእርግዝና ስብ ሲቀልጥ እውነት ነው፤ ጡንቻ ሲመነምን ግን ጉዳት ነው፤ ሚዛንም ሁለቱን አይለይም። ጥቂት ዲውተሪየም ያለበት ውኃ አጠጥቶ የሰውነትን ውኃ በማስላት ስብን ከሌላው አካል መለየት ይቻላል፤ ለጤና ኬላ ባይሆንም ለምርምር ተቋሞቻችን የሚከብድ አይደለም።

የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 22 በመቶዎቹ ከሚገባው በላይ ቀጭን መሆናቸውን አሳይቷል። ከዚህ ስሌት ነፍሰ ጡሮችና በቅርብ ወራት የወለዱ ውጭ ናቸው፤ የከባዱን የማጥባት ወቅት መጀመሪያ አገራዊው አኃዝ አያየውም። ባህላችን ይህን ወቅት ያውቀዋል፤ ለአራስ ገንፎና አጥሚት የሚሰናዳው በከንቱ አይደለም። ግን እንክብካቤው በ40 ወይም በ80 ቀን ክርስትና ሲነሣ ይላላል፤ ያኔ የስድስቱ ወር ግማሽ እንኳ አልሞላም፤ እንጨቱና ውኃው ግን ይጠብቃታል። ጾሙም ይመጣል፤ አጥቢ እንድትጾም ባትገደድም የምትጾመው ብዙ ናት። ሕፃኑ በ6ኛው፣ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ለክትባት ሲመጣ እናቱ አብራው ናት። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች በዚያው ቀን የክንዷን ዙሪያ ይለኩ፤ የቀጠነችውንም ልጇ ቢወፍርም ባይወፍርም ለራሷ ሲሉ ይርዷት።